ባዶ የቀረው ወንበርና የፓክ ዱ ኢክ ጎል

ጎሏን በስልኬ ስንት ጊዜ መልሼ እንዳየኋት እንጃ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ናት፤ የሜዳው ሣርና የተመልካቹ ልብስ አንድ ዓይነት ግራጫ መስለው ይታያሉ። በግንባር የተገጨች ኳስ ወደ ጣሊያን የግብ ክልል ትመጣለች፤ ቁመቱ አጠር ያለ አንድ ተጫዋች፣ ፓክ ዱ ኢክ፣ ከተከላካዮቹ ቀድሞ ይደርስባታል፤ ብዙም ሳያመነታ በቀኝ እግሩ መሬት ለመሬት ወደ ማዶኛው ቋሚ ይሰዳታል። ግብ ጠባቂው ኤንሪኮ አልቤርቶዚ እጁን ይዘረጋል፤ አይደርስባትም። 42ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ሰሜን ኮሪያ 1፣ ጣሊያን 0።

ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 12 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ የሚካኤል ዕለት ነበር፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 19 ቀን 1966። የእግር ኳስ መዝገብ ሁሉ በፈረንጅ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት በዚያው እጽፋለሁ። ቦታው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የምትገኘው የብረትና የኬሚካል ፋብሪካ ከተማ ሚድልስብራ፣ ሜዳው አየርሰም ፓርክ ነው። ወደ 18 ሺህ ሕዝብ ገብቶ ነበር። ግጥሚያው በዚያችው አንድ ጎል አለቀና ሁለት ጊዜ የዓለም ዋንጫ የወሰደችው ጣሊያን ዕቃዋን ጠቅልላ አገሯ ገባች።

ጣሊያን ማለት ያን ጊዜ ተራ ቡድን አልነበረም። ሚላን በ1963፣ ኢንተር በ1964 እና በ1965 የአውሮፓን የሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ወስደዋል። የኢንተሮቹ ጃቺንቶ ፋኬቲና ሳንድሮ ማዞላ፣ የሚላኑ ጃኒ ሪቬራ በዚያ ቀን ሜዳ ላይ ነበሩ። ሰሜን ኮሪያ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች ናት። በመጀመሪያው ግጥሚያ ሶቪየት ኅብረት 3 ለ 0 አሸንፏታል፤ በሁለተኛው ከቺሊ ጋር 88ኛው ደቂቃ ላይ በተገኘች ጎል በመከራ አቻ ወጥታለች። ከውድድሩ በፊት ተጫዋቾቿን በስም የሚያውቅ አውሮፓዊ ጋዜጠኛ ፈልጎ ማግኘት ይቸግር ነበር።

እንዲህ ያለ ውጤት ሲሰማ እኛ አገር በየዲኤስቲቪ ቤቱ የምንላት ነገር አለች፦ «ኳስ እኮ ድቡልቡል ናት።» እውነት ነው። ግን ኳስ ድቡልቡል የምትሆነው ሜዳ ውስጥ ለገባ ሰው ነው። የፓክ ዱ ኢክን ጎል ስለ ድፍረት፣ ስለ ሩጫና ስለ ትዕቢት አድርገው የተረኩ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ልክ ናቸው። እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ያ ቡድን እንግሊዝ ድረስ በየትኛው በር ገባ? በሩስ ላይ ማን ቆሞ ነበር? መልሱን ሲከታተሉት መንገዱ ወደ አክራና ወደ አዲስ አበባ ይወስዳል።

የ1966ቱ ውድድር 16 ቡድኖች የሚሳተፉበት ነበር። አዘጋጇን እንግሊዝን ጨምሮ አሥሩ ከአውሮፓ፣ አራቱ ከደቡብ አሜሪካ፣ አንዱ ከሰሜንና ከመካከለኛው አሜሪካ ከካሪቢያን ጋር። የቀረችው አንዲት ወንበር ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ ተሰጠች። ለሦስት አህጉር አንድ ወንበር ማለት ነው። ፊፋ ያወጣው ደንብ ደግሞ የአፍሪካ አሸናፊ በአህጉሩ ያሉትን ሁሉ ከረታ በኋላ እንደገና ከእስያና ኦሺኒያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ማለፍ አለበት የሚል ነበር። ይህ ሁሉ ጉዞ፣ ሆቴልና የአውሮፕላን ቲኬት ነው፤ ገና ነፃ ወጥተው ባንዲራ የሰቀሉ፣ ካዝናቸው ያልሞላ ፌዴሬሽኖች የሚከፍሉት።

ነገሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። ለ1962ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ የተመደበችው፣ ማመን ቢከብድም፣ ጣሊያን ባለችበት የአውሮፓ ምድብ ውስጥ ነበር። ከእስራኤል ጋር የነበራትን ሁለቱንም ግጥሚያ በእስራኤል ሜዳ ተጫውታ ተሸነፈች፤ እስራኤል ደግሞ ቀጥላ በጣሊያን ተሰናበተች። በዚያው ማጣሪያ ከአፍሪካ ጥሩ የሄደችው ሞሮኮ መጨረሻ ላይ ስፔንን እንድታሸንፍ ተጠየቀች፤ አልቻለችም። ከ1934ቷ ግብፅ በኋላ አንድም የአፍሪካ ቡድን ዓለም ዋንጫ ላይ ያልታየው ስለዚህ ነው። «ደረጃቸው ዝቅ ያለ ነው» ይባል ነበር። ደረጃ የሚለካበት ሜዳ እንዳይገቡ ከተደረገ በኋላ!

ይድነቃቸው ተሰማ ይህንን ሁሉ ከውስጥ ያውቁታል። ኢትዮጵያ በ1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሰልጣኙ እሳቸው ነበሩ፤ ከጊዮርጊስ ተጫዋችነት እስከ አህጉራዊው ኮንፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት ያለውን መንገድ በእግራቸው ሄደውበታል። የጋናው የስፖርት ኃላፊ ኦሄኔ ጃን ደግሞ ከክዋሜ ንክሩማ ጀርባ የቆመ፣ እሳት የላሰ ሰው ነበር። ሁለቱ የተቃውሞው ምሰሶ ሆኑ። ጥያቄያቸው ረጅም አልነበረም፤ ለአፍሪካ ቀጥታ የምትገባበት አንዲት ወንበር ትሰጣት ነው። ሌላ ቅሬታም ነበር። ፊፋ በስታንሊ ራውስ ፕሬዚዳንትነት ዘመን፣ በ1963፣ በአፓርታይድ ምክንያት የታገደችውን ደቡብ አፍሪካ እገዳዋን አንሥቶላት፣ አፍሪካውያኑ እንደማይጋጠሟት ሲያውቅ ለማጣሪያው እስያ ውስጥ መድቧት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መልሶ አገዳት፤ የአፍሪካ ወንበር ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። በ1964 አፍሪካ በአንድ ድምፅ ከማጣሪያው ወጣች። አሥራ አምስት ያህል አገሮች።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ የተከፈለውን ዋጋ ማየት ያስፈልጋል። ማደም ሲያወሩት ቀላል ነው፤ አንድ ትውልድ ግን ጫማውን ይሰቅልበታል። የጋና ጥቋቁር ከዋክብት በ1963 እና በ1965 በተከታታይ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበሩ፤ ከዚያ በፊት በ1962 አክራ ላይ ከሪያል ማድሪድ ጋር 3 ለ 3 የወጡ ናቸው። እንግሊዝ ቢሄዱ ምን ያደርጉ እንደነበር ማንም አይነግረንም። ጋና ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ የገባችው በ2006 ነው። የ1965ቱ አጥቂ ልጅ ወልዶ፣ ልጁም ወልዶ ማለት ነው።

አፍሪካ ስትወጣ ለወንበሯ የቀሩት አውስትራሊያና ሁለቱ ኮሪያዎች ብቻ ሆኑ። ጃፓን ሊደረግ የታሰበው ማጣሪያ ወደ ካምቦዲያ ሲዛወር ደቡብ ኮሪያም ተወች። ስለዚህ በኖቬምበር 1965 ፕኖም ፔን ላይ ሁለት ቡድኖች ብቻ ተገናኙ። ሰሜን ኮሪያ አውስትራሊያን 6 ለ 1፣ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ 3 ለ 1 አሸነፈች። በቃ። ሁለት ግጥሚያ፣ አንድ ተጋጣሚ፣ አንድ ከተማ፤ ትኬቷ ተቆረጠ።

ይህን የማነሣው ኮሪያውያኑን ለማሳነስ አይደለም፤ ባሸነፉት ልክ አሸንፈዋል። ግን ያልተጠበቀ ድል በተወራ ቁጥር የሚጠቀሰውን የዳዊትና የጎልያድን ታሪክ አንድ ጊዜ መልሶ ማንበብ ደግ ነው። እረኛው ልጅ ወንጭፉን ከማንሣቱ በፊት ንጉሥ ሳኦል ዘንድ ቀርቧል። ሳኦልም «አንተ ገና ብላቴና ነህ፣ አትችልም» ብሎት ነበር፤ ዳዊት አንበሳና ድብ መግደሉን ተናግሮ ካሳመነው በኋላ ነው ሂድ የተባለው። ስለ ጠጠሩ ሁሉም ሰው ያውቃል። ስለ ፈቃዱ የሚያነሣ የለም።

ኮሪያውያኑም ከፊፋ በኋላ ሌላ ሳኦል ገጥሟቸዋል። የኮሪያ ጦርነት ካቆመ ገና 13 ዓመቱ ነው፤ በዚያ ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ሞተውበታል፤ ለንደን ለፒዮንግያንግ መንግሥት እውቅና አልሰጠችም። ቪዛ ይሰጥ አይሰጥ፣ ባንዲራው ይሰቀል አይሰቀል እያለ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተጨነቀ። መዝሙሩን ሳያሰሙ ሊያልፉት የፈለጉበት ዘዴ የቢሮክራሲ ጥበብ የሚባል ነው፦ የማንም ቡድን ብሔራዊ መዝሙር ከመክፈቻውና ከፍጻሜው ግጥሚያ በስተቀር አይዘመርም ተባለ። የአንዱን መዝሙር ላለመስማት የሁሉንም መዝሙር ዝም አሰኙ።

ሚድልስብራ ግን ሌላ ዓለም ነበረች። ከተማዋ ራሷ አስተናጋጅ የሆነችው በዕድል ነው፤ የኒውካስል ሜዳ በክለቡና በከተማው ምክር ቤት ጠብ ምክንያት ሲቀር ነው አየርሰም ፓርክ የገባው። የከተማዋ ክለብ በዚያው የውድድር ዘመን ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ ሕዝቡ ልቡ ተሰብሯል። ታዲያ እነዚህ በመጠን አነስ ያሉ፣ የማይታክቱ ልጆች ቀይ ማሊያ ለብሰው ሲመጡ፣ የሚድልስብራም ቀለም ቀይ ነውና፣ ሕዝቡ የራሱ አደረጋቸው። ወደቀ የተባለ ሰው ወደቀ የተባለን ሰው ሲያይ ቶሎ ይግባባል።

ወደ ግጥሚያው ስንመለስ፣ ጣሊያኖች ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያነሡት አንድ እውነተኛ ምክንያት አላቸው። ከጎሏ ጥቂት ደቂቃዎች ቀደም ብሎ አማካያቸው ጃኮሞ ቡልጋሬሊ ጉልበቱን ተጎድቶ ወጥቷል። በዓለም ዋንጫ ቅያሪ የተፈቀደው በ1970 ስለሆነ ጣሊያን ቀሪውን ጊዜ ሁሉ በአሥር ሰው ተጫወተች። ቀላል ነገር አይደለም። ግን ሙሉ ሆነው በተጫወቱበት የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያገኟቸውን ዕድሎች ያባከኑት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላም አሥሩ ሰዎች እነ ሪቬራን የያዙ አሥር ሰዎች ነበሩ።

ያሸነፋቸው ሩጫ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስል ግን ዝም ብሎ መሮጥ ማለቴ አይደለም። የጣሊያን የዚያ ዘመን ጨዋታ ኋላ ተሰብስቦ መጠበቅ፣ ከዚያ ተጋጣሚው ሲሳሳት መምታት ነበር። ይህ የሚሠራው ተጋጣሚው ሲደክም ነው። ኮሪያውያኑ አልደከሙም። ኳስ ሲነጠቁ ሦስትና አራት ሆነው ወዲያው ይከባሉ፤ ሲይዙ ደግሞ በአጭር ቅብብል ወደፊት ይወጣሉ፤ ማንም ቦታውን ጠብቆ አይቆምም። ጊዜ ወስዶ ማሰብ የለመደው ሪቬራ የሚያስብበት ጊዜ አላገኘም። በሁለተኛው አጋማሽ ደግሞ የቆመላቸው የ19 ዓመቱ ግብ ጠባቂ ሊ ቻን ምዮንግ ነበር።

ትዕቢቱስ? አሰልጣኙ ኤድሞንዶ ፋብሪ ረዳቱን ፌሩቾ ቫልካሬጂን ኮሪያውያኑን እንዲሰልል ልኮት ነበር። ቫልካሬጂም ተመልሶ ከድሮ ድምፅ አልባ ፊልም ቀልደኞች ጋር እንዳመሳሰላቸው ይነገራል። በፍጥነት ከወዲያ ወዲህ የሚሉ ትንንሽ ሰዎች። እንደ እኔ ሰላዩ በትክክል አይቷል፤ የተሳሳተው የሚያየው ነገር እንዲያስቀው መፍቀዱ ላይ ነው። የእሱ ዕጣ ደግሞ የኳስ ነገር ሆነና ከፋብሪ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን ተረክቦ በ1968 የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ።

ሰሜን ኮሪያ ያን ማታ ገና አላለፈችም ነበር። በማግስቱ ቺሊ ሶቪየትን ብታሸንፍ በጎል ስሌት ኮሪያ ትወድቅ ነበር። ሶቪየት 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ያን ጊዜ ነው ሩብ ፍጻሜው የተረጋገጠው። ጣሊያኖች ደግሞ ጄኖዋ ላይ ከአውሮፕላን ሲወርዱ ሕዝቡ በቲማቲም ተቀበላቸው። «ኮሪያ» የሚለው ቃል በጣሊያንኛ የስፖርት ውርደት መጠሪያ ሆነ። ፓክ ዱ ኢክ የጥርስ ሐኪም ነው የሚል ወሬም ተነዛና ለአሥርተ ዓመታት ጣሊያን ውስጥ እንደ እውነት ተቆጠረ። ሰውየው ወታደር ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ታሪክ ግን ለሕመሙ ይስማማል፤ ያለ ማደንዘዣ የተነቀለ ጥርስ ዓይነት ነገር ነዋ።

ከቲማቲሙ ይልቅ የከበደው ሌላው ውሳኔ ነው። የጣሊያን ፌዴሬሽን ጥፋቱን የውጭ ተጫዋቾች ላይ አላከከና ክለቦች አዲስ የውጭ ተጫዋች እንዳያስመጡ በሩን ዘጋ። የተከፈተው በ1980 ነው። ከፒዮንግያንግ በመጡ ልጆች የተሸነፈ አገር የብራዚልና የአርጀንቲና ተጫዋቾችን መከልከሉ ምን ያህል ምክንያታዊ እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ። ሌላውን ዝም ብሎ ከማድነቅ ራስን ዘግቶ መቀመጥ የቀለለው ብዙ ነው።

ሩብ ፍጻሜው ጁላይ 23 ሊቨርፑል፣ ጉዲሰን ፓርክ ላይ ነበር። ከሚድልስብራ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች አገሩን አቋርጠው ተከትለዋቸው መጡ። ኮሪያውያኑ ያደሩት ጣሊያኖች «ማለፋችን አይቀርም» ብለው ቀድመው በያዙት የካቶሊኮች ገዳማዊ ማረፊያ ነው፤ መስቀልና ሥዕል በሞላበት ክፍል እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ይነገራል። ጨዋታው ሲጀመር ግን ሳይተኙ ያደሩ አይመስሉም ነበር። ፓክ ሱንግ ጂን በመጀመሪያው ደቂቃ፣ ሊ ዶንግ ዉን በ22ኛው፣ ያንግ ሱንግ ኩክ በ25ኛው። 3 ለ 0። ተጋጣሚያቸው ፖርቱጋል ናት።

ከዚያ ዩዜቢዮ መጣ። 27ኛው፣ 43ኛው፣ 56ኛው፣ 59ኛው ደቂቃ፤ አራት ጎል፣ ሁለቱ በፍጹም ቅጣት ምት። የመጀመሪያዋን ካገባ በኋላ ኳሷን ከመረብ አንሥቶ ወደ መሀል ሜዳ እየሮጠ የሚመለስበት ምስል አለ፤ ደስታ የለበትም፣ ጥድፊያ ብቻ ነው። ጆዜ አውጉስቶ አምስተኛዋን ጨመረ። 5 ለ 3።

ኮሪያውያኑ 3 ለ 0 እየመሩ ማጥቃታቸውን አላቆሙም። ሞኝነት ነው ያሉ አሉ። እኔ ልምድ ማጣት እለዋለሁ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሦስት ጎል ይዞ ጊዜ መግደልን፣ ኳስ ማቀዝቀዝን፣ ዳኛውን ማነጋገርን ሰው የሚማረው እንዲህ ያለ ሜዳ ደጋግሞ ሲገባ ነው። በአራት ዓመት አንዴ፣ ለሦስት አህጉር በአንዲት ቀዳዳ የሚገባ ሰው ግን ማጥቃትን እንጂ መምራትን የት ይማራል?

ዩዜቢዮ ማን ነው ብሎ መጠየቅም ይገባል። የተወለደው ሎሬንሶ ማርኬስ፣ የዛሬዋ ማፑቶ ነው። የቡድኑ አምበል ማሪዮ ኮሉናም የሞዛምቢክ ልጅ ነው። ሞዛምቢክ ያን ጊዜ የፖርቱጋል ቅኝ ናት፤ የነፃነት ጦርነቱ ከተጀመረ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። እንግዲህ ነገሩን እንዲህ እዩት፦ አፍሪካ በስሟ እንዳትገባ ተደርጋ ቀርታለች፤ በእሷ መቅረት የገባውን ቡድን ደግሞ ያስወጣው አፍሪካ የወለደችው ልጅ በሌላ አገር ማሊያ ነው። በውድድሩ በ9 ጎል ኮከብ አግቢ የሆነውም እሱ ነው። «የአፍሪካ ደረጃ» የሚባለው ክርክር በዚያ ቀን ጉዲሰን ፓርክ ላይ አራት ጊዜ ተመልሶለታል፤ መልሱ የተመዘገበው ግን ለሊዝበን ነው።

ከእንግሊዝ መልስ የኮሪያውያኑ ዕጣ ምን ሆነ የሚለው አከራካሪ ነው። የጣሊያኑን ድል ሲያከብሩ በመጠጥና በሴት ተከሰው ወደ እስር ካምፕ ተላኩ የሚል ታሪክ ለረጅም ጊዜ ተወርቷል፤ ካምፕ ታስሮ የነበረና በኋላ ከአገሩ ያመለጠ አንድ ሰው በመጽሐፉ ፓክ ሱንግ ጂንን እዚያ እንዳገኘው ጽፏል። በ2002 በወጣው የእንግሊዛዊው ዳንኤል ጎርደን ዶኩመንተሪ ላይ የቀረቡት ያን ጊዜ በሕይወት የነበሩ ተጫዋቾች ግን እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰብንም ብለዋል። ምን ይበሉ ሌላ? የሚለው ጥያቄ ከአእምሮዬ አይወጣም፤ ከዚያ በላይ ግን መፍረድ አልችልም።

ስለ አፍሪካ ግን የታወቀው ብዙ ነው። ለ1970ው ውድድር ፊፋ ለአህጉሩ ሙሉ አንድ ወንበር ሰጠ። ጥያቄው ከቀረበ፣ አድማው ከተደረገ በኋላ እንጂ አፍሪካ ደረጃዋን በሜዳ አሳይታ አይደለም፤ የምታሳይበት ሜዳ አልነበራትማ። ሞሮኮ ሜክሲኮ ሄዳ ሊዮን ላይ ከምዕራብ ጀርመን ጋር ባደረገችው የመጀመሪያ ግጥሚያ በ21ኛው ደቂቃ ቀድማ አገባች፤ እስከ ዕረፍትም መራች፤ በኋላ 2 ለ 1 ተሸነፈች። ይድነቃቸው በ1972 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው በ1987 እስከ ሞቱ ድረስ መሩት። ስታንሊ ራውስ ደግሞ በ1974 የፊፋ ምርጫ በብራዚላዊው ጆአዎ ሃቬላንዥ ሲሸነፉ ከአፍሪካ የመጣው ድምፅ ሚናው ትልቅ ነበር። ቱኒዚያ በ1978 ሜክሲኮን 3 ለ 1 ረትታ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ድል አስመዘገበች። ካሜሩን በ1990 ሻምፒዮኗን አርጀንቲናን አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ ስትደርስ ለአፍሪካ ሁለት ወንበር ነበር፤ በ1994 ሦስት፣ በ1998 አምስት ሆነ። ለ2026ቱ ደግሞ ዘጠኝ ቀጥተኛ ወንበር ተመደበ።

ሰሜን ኮሪያ ራሷ በ1970 አልተመለሰችም። እስራኤል በነበረችበት ማጣሪያ ተመድባ እስራኤል ሄጄ አልጫወትም አለችና ከውድድሩ ተሰረዘች። አንዱ ሲያድም በር ይከፈትለታል፣ ሌላው ሲያድም ይዘጋበታል፤ ልዩነቱ አንዱ አሥራ አምስት ሆኖ ሌላው ብቻውን መውጣቱ ይመስለኛል። ዳግም የታየችው ከ44 ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ አፍሪካ ምድር ላይ ነው። በምድቧ የደረሳት ማን ነበር? ፖርቱጋል። ኬፕታውን ላይ 7 ለ 0 ተሸነፈች። የዚያን ጊዜው የፖርቱጋል አሰልጣኝ ካርሎስ ኬይሮዝም የሞዛምቢክ ተወላጅ ነው።

አየርሰም ፓርክ ዛሬ የለም፤ በ1997 ፈርሶ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተውበታል። በሕይወት የቀሩት ኮሪያውያን በ2002 ለጉብኝት ሲመጡ የሚያዩት ሜዳ አልነበረም። ከቤቶቹ መሀል አንድ ቦታ ሣሩ ላይ ግን ከነሐስ የተሠራ የጫማ ጥርስ ዱካ ተቀብሯል፤ ፓክ ዱ ኢክ ያችን ኳስ ሲመታ የቆመባት ነጥብ ናት። ትንሽ ስለሆነች ጎንበስ ብሎ ካልፈለጓት አትታይም።